ወደ ስሜን የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ካሜራ ይያዝ?



የዓመት ፈቃድዎን ወስደው፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ከጎንደር በዳባት በኩል ደባርቅ ለመድረስ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ጃናሞራ ለመውጣት አሳብ ያለዎት እንደ ሆነ፣ ባልንጀራዎ ሁሉ «ትልቁን ካሜራ ያዝ፤ ሌንስም አታሳንስ» ብሎ ሳይመክርዎ አይቀርም። እኔም ይህንኑ ምክር ተቀብዬ ስለ ሄድሁ የደረሰብኝን ልንገርዎ።

አንድ ካሜራና አራት ሌንስ ይዤ ነበር፤ ሁለቱ ሌንሶች የተውሶ ናቸው። ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚወስደው መንገድ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ይጠጋል። በዚያ አየር፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው፣ አንዱ ኪሎ ሦስት ኪሎ ይሆንበታል። ስለዚህ እኩለ ቀን ሳይሆን ሻንጣውን በበቅሎ አስጫንሁ። ጨነቅ ስንቃረብ አንድ ትልቅ ዋልያ ከገደሉ አፋፍ ብቅ አለ፤ በቅሎዋ ግን ካሜራዬን ይዛ ቀድማኝ ሄዳለች። ሮጬ ደርሼ ሌንሱን ስለውጥ ነፋሱ አቧራ አገባበት፣ ዋልያውም ሄደ። ከዚያ በኋላ ባነሣኋቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ሰማዩ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ተቀምጦ ቀረ።

እንግዲህ ለስሜን የሚሆነው ካሜራ ከንጋት እስከ ማታ ያለ ምሬት በአንገትዎ አንጠልጥለው የሚውሉት ነው።

የሌንስ ቁጥር ሲያንስ ሰፊውን ስፍራ ያሳያል፤ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚደርስ አንድ ሌንስ ገደሉን፣ ጅብራውን፣ ድንኳኑንና የመንገድ ጓደኛዎን ያነሣል። ጭላዳ ሣር እየነጨ ሰው ብዙም ስለማይፈራ፣ ዝም ብለው ለተቀመጡ ሰው መካከለኛ ሌንስ ይበቃል። ዋልያ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ከማዶ ገደል ላይ ነው፤ ለእርሱ 300 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ብርሃን ተቀባይ ክፍላቸው አነስ ባሉ ካሜራዎች 200 ሚሊሜትሩ እንደ 300 ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ርካሹና ቀላሉ ካሜራ እዚህ ላይ ውዱን ይረታዋል። ከእነዚህ ከሁለቱ በላይ ሌንስ አይያዙ። ደመወዝዎ የሚፈቅደው አንዱን ብቻ ከሆነ ፊተኛውን ይግዙ፤ ዋልያውን በዓይንዎ ያዩታል። በእጅዎ ያለው ስልክም ለተራራውና ለሜዳው አያሳፍርም።

ሌሊቱ ውሃ እስኪረጋ ድረስ ስለሚበርድ ባትሪ ኃይሉ ይደክማል፤ ትርፍ ባትሪ በውስጥ ኪስዎ ይያዙ፣ ማታም ከብርድ ልብሱ ሥር ያሳድሩት። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳው አያውጡት፤ ሌንሱ ላብ ይይዘዋል። ወራቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢሆን መልካም ነው፤ በክረምት ጉሙ አገሩን ሁሉ ይሸፍነዋል።

አሁን ስለ ሰዎች ልናገር። በዚያው ጉዞ ገብስ የሚያበራዩ አንድ ሽማግሌ አየሁና፣ ዋልያው ያመለጠኝን ረጅም ሌንስ ከሩቅ አነጣጠርሁባቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው «ምነው ልጄ፣ እኔን ደግሞ ዋልያ አደረግኸኝ?» አሉኝ። እጅግ አፈርሁ። ሌንሱን አውልቄ ትንሹን 50 ሚሊሜትር አገባሁና ቀርቤ እጅ ነሣሁ፤ ተቀመጥ ተባልሁ፣ ጠላም ቀረበልኝ። በዚህ ሌንስ የሰውን ፊት ለማንሣት ከሰውየው ፊት ለፊት መቆም ግድ ነው፤ እርሳቸውም ካሜራውን አይተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ወደዱ ሆነው ተነሡ። ከዚያ ጉዞ ለሰው የማሳየው ፎቶግራፍ ይኸው አንዱ ነው፤ ጥቁሩ ነጥብ እንኳ ከራሳቸው በላይ ተቀምጧል።

«ላክልኝ» አሉኝ፤ «እልካለሁ» አልሁ። ስማቸውን ግን በልቤ ብቻ ይዤ፣ የሚኖሩበትን ቀበሌ ሳልጠይቅ ወረድሁ። ደባርቅ ስደርስ ስማቸውም ከአባታቸው ስም ጋር ተደባለቀብኝ። የታተመው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። እርስዎ ግን ከሁለቱ ሌንሶች ጋር አንዲት ደብተርና እርሳስ ይያዙ፤ ክብደት ቢባል ከባትሪዋ አይበልጡም።