ከአዲስ ኑሮ ጋር መላመድ ስላቃተው ሰው

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ስለ አንድ ስውር ሕመም ነው። ስውር ማለቴም እንደ ቁስል ደም የማይፈስበት፣ እንደ ንዳድ ሰውነትን የማያተኩስ ስለ ሆነ ነው። ይኸውም ሰው የለመደው ኑሮ ተለውጦበት፣ አዲሱን ኑሮ ይለምድ ዘንድ ልቡ እንቢ ሲለው የሚያድርበት ጭንቀት ነው። ሐኪሞች የመላመድ ችግር ይሉታል። በእኛ ዘንድ ግን ሕመም መሆኑ ሳይታወቅ ልጁ ሰነፈ፣ ሰውየው ጠባዩ ተበላሸ፣ ሴትዮዋን ዓይነ ጥላ ያዛት እየተባለ ይታለፋል።

ምሳሌውን ከራሳችን ደጅ እንውሰድ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን የፈጸመ ልጅ ከፍ ያለውን ትምህርት ይቀጥል ዘንድ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ራቤል ወይም ወደ ዓለም ከተማ ይሄዳል። አባቱ አንዲት ክፍል ይከራይለታል፤ እናቱ በሶውንና ቆሎውን፣ ሽሮውንና የሳምንቱን እንጀራ አሲዛ ትሸኘዋለች። እስከ ትናንት ከበጎቹ ኋላ ሲሄድ የመንደሩ ሰው ሁሉ የእገሌ ልጅ እያለ የሚጠራው፣ ዛሬ ስሙን ከማያውቅ ሰው መካከል ያድራል። ማታ እሳት የሚያነድለት የለም፤ የመንዝ ውርጭ ምን እንደ ሆነም ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጥቂት ሳምንት ተክዘው ይለምዱታል። አንዳንዱ ግን አይለምደውም። ዓይኑ ከሰሌዳው ላይ ነው፤ ልቡ ግን አገር ቤት ነው። ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ ራሴን፣ ሆዴን ይላል፤ ስንቁ ሳይበላ ይሻግታል፤ በትንሹ ይቆጣል፣ ወይም ጨርሶ ዝም ይላል። አስተማሪውም ደብተሩን ባዶ ሆኖ ባየው ጊዜ ይቀጣዋል። ልጁም ቅጣቱን ከናፍቆቱ ላይ ደርቦ ተሸክሞ አንድ ማለዳ ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ስንት አእምሮ እንደ ባከነ የሚቆጥር የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው በ11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ይህን ሕመም የሚለይበትን ነገር ጽፏል። ከሁሉ አስቀድሞ የታወቀ መነሻ ሊኖረው ይገባል፤ መፋታት፣ ድህነት፣ ደዌ፣ ከቤት መፈናቀል፣ ይህን የመሰለ ሁሉ። ቀጥሎም ሰውየው ያንኑ ነገር እያነሣና እየጣለ ሲብሰለሰል ይውላል፤ ልቡንም ወደ ሌላ ይመልስ ዘንድ አይሆንለትም። ከዚህም የተነሣ ሥራውን ወይም ትምህርቱን መፈጸም፣ ከቤተ ሰቡም ጋር በሰላም መኖር ያቅተዋል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ ከደረሰ በአንድ ወር ውስጥ ይጀምራል፤ መነሻው ካልቀጠለ በቀር በስድስት ወር ውስጥ ይለቃል። ይህ እብደት አይደለም። ደግሞም በዓይኑ ፊት ሰው ሲገደል ወይም ቤት ሲቃጠል አይቶ፣ ያ ነገር ዛሬ እንደሚሆን ሁሉ በቀንም በሕልምም እየተመላለሰ የሚያስደነግጠው ሰው ሕመሙ ከዚህ የከበደ ሌላ ነው፤ እርሱን ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1688 ዓ.ም. ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊስ ሐኪም የአገር ናፍቆትን እንደ አንድ ደዌ ቆጥሮ መጽሐፍ ጽፎበት ነበር። ስዊሶችም እንደ እናንተ ደገኞች ናቸው፤ ወታደሮቻቸው በባዕድ አገር ሜዳ ሲያገለግሉ በናፍቆት ይታመማሉ መባሉ በአውሮፓ የታወቀ ሆኖ ቀርቷል።

የእኛ ደገኞች ደግሞ ከዚያ የበለጠ አይተዋል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከረኀቡ በኋላ 600,000 ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜናዊው ሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተወሰደ። ገብስ ዘርቶ በርኖስ ለብሶ የኖረ ሰው ከሙቀትና ከወባ ምድር በቆሎ ዝራ ተባለ። ብዙዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ጠፍተው በእግራቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የቀሩት ከብዙ ድካም በኋላ ለመዱት፤ ልጅም ወለዱበት። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በወለጋ ተወልደው ያደጉ ብዙ ሰዎች ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከመጠለያ ገቡ። አባት ቆላውን ለመልመድ ስንት ዓመት ደከመ፤ ልጅ ደግሞ ብርዱን ሊለምድ ተገደደ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወርም ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ የሆነውን እናንተ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ በየትምህርት ቤታችሁ የሚቀመጡት ልጆች ይህን ያለፉ ናቸው።

አባቶቻችን የዚህን ነገር መድኃኒት በከፊል ያውቁት ነበር ለማለት እደፍራለሁ። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛውን ለብቻው አይተዉትም። ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ቀን ተቆርጦለት ሰው ይመላለሳል፤ ዕድርተኛው አብሮት ያድራል፤ የሚበላውንም ጎረቤት ያመጣለታል። ሐዘን በራሱ ሕመም አይደለም፤ ሐዘንተኛም ሊያለቅስ ይገባዋል። ነገር ግን ይህን መልካም ሥርዐት ለሞት ብቻ አበጀነው እንጂ ለሌላው ለውጥ አላበጀነውም። በልግ ቀርቶበት በሬዎቹን ለሸጠ ገበሬ ማን አርባ ያወጣለታል? በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ባዶ እጇን የተመለሰችውን ልጅ ጎረቤት የጠየቃት ምን ይዘሽ መጣሽ ብሎ ነው እንጂ እንዴት ነሽ ብሎ አይደለም። ስለዚህ እናንተ ሽማግሎች ለቅሶ እንደምትደርሱ ሁሉ ለእነዚህም ድረሱላቸው። በሄዳችሁም ጊዜ ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ። ወንድ አይደለህምን፣ ከአንተ የባሰ አለ የሚለው ቃል የሰሚውን አፍ ይዘጋዋል እንጂ ልቡን አያሳርፈውም። ይናገር፤ ተናግሮ ሲጨርስ ከችግሩ ውስጥ ሊለወጥ የሚችለውን ከማይለወጠው ለይታችሁ፣ በሚለወጠው አንድ ትንሽ ነገር እንዲጀምር እርዱት። አረቄ እንዳታጠጡት፤ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ሰጥቶ የብዙ ሌሊት ይወስዳል። ኪኒንም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ አይዋጥ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሰው ወዳጁ ሞቶበት ስላዘነ ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንዳይሰጠው ለሐኪሞች ጭምር ነግሯል። ጠበል የሚሻ ይጠመቅ፤ ይህም ከሐኪም ዘንድ ከመሄድ አይከለክለውም።

አስተማሪዎች ሆይ፣ የተለወጠውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አትጠይቁት፤ ለብቻው ጥሩት። ከአንድ መንደር የመጡት ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ቤት እንዲከራዩ ወላጆችን ምከሩ። በክፍልም ከአገሩ ልጅ አጠገብ አስቀምጡት። ደወል መምታት ወይም መጻሕፍት ማደል የመሰለ ትንሽ ሥራ ስጡት፤ ሰው የሚፈለግበት ስፍራ ቶሎ ይለመዳልና። ስለ ቀረ ብላችሁ ከማባረራችሁ በፊት ለአባቱ ላኩበት።

አንድ ነገር ግን በትዕግሥት የሚታይ አይደለም። ምነው በሞትሁ የሚል፣ ያለውን ዕቃ ለሰው የሚያድል፣ ወይም ያለ ምክንያት የሚሰናበት ልጅም ሆነ ሽማግሌ ካያችሁ፣ ራስህን ልትገድል አስበሃልን ብላችሁ በግልጥ ጠይቁት። መጠየቅ ያላሰበውን አያሳስበውም፤ ብዙ ጊዜ ያስተነፍሰዋል። ገመዱን፣ ጠመንጃውን፣ የሰብል ተባይ መድኃኒቱንም ከቤት አርቁ፤ ብቻውንም አትተዉት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ እንደ ሆነ ወደ ሆስፒታል ይመሩታል። የሚሄድበት መንገድ ሩቅ ስለ ሆነ የበቅሎውን ወይም የመኪናውን ገንዘብ ዕድሩ አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው። ልጁ ታክሞ ሲመለስም የት ነበርህ ብሎ ማንም በክፍል ፊት አይጠይቀው፤ ስፍራው እንደ ተጠበቀለት ገብቶ ይቀመጥ፤ ያመለጠውንም ትምህርት ባልንጀራው ከደብተሩ ያስገልብጠው።