ፓኬጁን ከማሳደጋችን በፊት
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ)



«የቢሮው ኮምፒውተር ኢንተርኔቱ አዝጋሚ ነው፤ ከፍ ያለ ፓኬጅ እንግዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ክፍያው የሚወጣው ከቁጠባችን ነው። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ እየወረደች የቆጠበች እናት እዚህ አለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይመርመር እላለሁ።

ስልካችሁን ኮምፒውተሩ አጠገብ አድርጉና በዚያው ዋይፋይ ፍጥነቱን ለኩ። የስልኩን ዳታ ማጥፋት እንዳትረሱ፤ አለዚያ የምትለኩት ሌላ ነው። ስልኩ ፈጥኖ ኮምፒውተሩ ብቻ ከዘገየ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው። ሁለቱም ከዘገዩ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ድገሙት። በኬብልም ከዘገየ ያኔ አገልግሎት ሰጪው ይጠየቅ።

የኛ ኮምፒውተር አንቴናው ከጀርባው ነው። ሣጥኑ ደግሞ ከብረት ጠረጴዛ ሥር፣ ከፋይል ካቢኔቱ ጋር ተጠግቶ ተቀምጧል። ብረት ሞገድ ይከለክላል። ጠረጴዛው ላይ ማውጣት ሳንቲም አያስወጣም። ራውተሩ ሁለት ሞገድ ካለው፣ ለቅርብ 5 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፤ ግድግዳ ለማለፍ 2.4 ይሻላል። እኔ ግን ኬብል እመርጣለሁ። እስከ 100 ሜትር ይዘረጋል፣ አንዴ ይገዛል፤ ፓኬጅ በየወሩ ይከፈላል።

ደግሞም «10 ሜጋ» ተብሎ የሚሸጠው ሜጋቢት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ በሴኮንድ ከ1.25 ሜጋባይት በላይ አይወርድም። ተታለልን ከማለታችን በፊት እናካፍል።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሪፖርቱም መላክ አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ይዛ የምትመጣ አንዲት እህት ትበቃኛለች።