በዛብህ ለምን ሸሸ?

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ አንባቢዎች ስለ ልብ ወለድ ባለታሪኮች የልብ አሳብ የሚያደርጉትን ክርክር የሚመለከት ነው። ርእሱ እንደ ደረሰኝ አንድ ጓደኛዬ «ያልነበረ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ ብሎ መከራከር የሥራ ፈት ሥራ ነው» አለኝ። ይህንኑ ጓደኛዬን ግን በዚያው ሳምንት በምግብ አዳራሹ ውስጥ፣ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ በዛብህ ፈሪ ነው አይደለም እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ አይቼዋለሁ። እንግዲህ ነገሩ ሥራ ፈትነት ቢሆንም እንኳ የሁላችን ሥራ ፈትነት ነውና ልቀጥል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው በኋላ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ባለታሪኮቹን እንደ ጎረቤቶቹ ዐወቃቸው። በ2009 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ካሣሁን «ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ ፍቅራቸውን ወደ ዜማ አመጣው፤ በቅርብ ዓመታትም ታሪኩ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆነ። አንባቢው፣ ዘፋኙ፣ ተዋናዩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በዛብህ ፈጠሩ ለማለት ይቻላል። ወጋየሁ እንኳ ቃል ሳይጨምር፣ በድምፁ አወጣጥ ብቻ፣ ጉዱ ካሣ ሲናገር መራራ ይሁን ቀልደኛ እርሱ ወስኖልናል። ዛሬ መጽሐፉን ስናነብ የምንሰማው የማንን ድምፅ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ራሱን ይመርምር።

በውጭ አገርም ይህ ያለ ነገር ነው። ብሪታንያዊው ደራሲ ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1893 በጻፈው ታሪክ ቢገድልበት አንባቢው ተቈጣ፤ ደራሲውም ከዐሥር ዓመት በኋላ ሰውየውን ከሞት አስነሣው። የእኛ አንባቢ ግን ጠባዩ ሌላ ይመስለኛል። በዛብህ ይነሣልን ሲል የሰማሁት የለም። የእኛ አንባቢ የሚጠይቀው «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ነው፤ ከአሟሟቱ ይልቅ ፍርዱ ያሳስበዋል።

ይህም ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የመጻሕፍት መምህሮቻችን አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ሲተረጕሙ የኖሩ ናቸው። ያዕቆብ ይህን ያደረገው ስለዚህ ነው፤ አንድም ስለዚያ ነው ይላሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያፈርሰውም፤ ከጎኑ ይቆማል። ነገር ግን ሁሉም ከንባቡ ጋር መታሰር አለበት፤ ንባቡን የለቀቀ አንድምታ በጉባኤው ፊት አይቆምም። በዛብህ ራሱ የቅኔ ተማሪ ነበርና የእርሱን ልብ በዚህ መንገድ ብንመረምር ያኮርፋል ብዬ አላስብም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። በዛብህ የገበሬ ልጅ ነው። የማንኩሳ ሰዎች የሆኑት ወላጆቹ እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል፤ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እያገለገለ እንዲኖር። ዲማ ላይ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገባ፤ ተዋደዱ፤ ነገሩ ሲገለጥ ሸሸ። ለምን ሸሸ?

ፈሪ ስለ ሆነ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ትርጓሜ የሚበዛው በመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ዘንድ ነው፤ ምክንያቱም ገና ከማንም ያልሸሹ ናቸው። አንድም ድኻ ስለ ሆነ ነው፤ በጌታ ቤት ያለ አስተማሪ ቢቆምስ ምን አፍ አለው? ይህኛው የቀደሙት ተማሪዎች ትርጓሜ ነው። መጽሐፉ የወጣው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ከተሰለፉ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑን አንርሳ። እነዚያ አንባቢዎች ዐይናቸው ያረፈው በሁለቱ ፍቅረኞች ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን ግብር አንከፍልም ባሉት ገበሬዎችና በመሪያቸው በአበጀ በለው ላይም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ አበጀን ከመጽሐፉ አልፈው አሳድገውታል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች የለመዱትን ግብር አልጠሉም፤ ያልለመዱት ሲጨመርባቸው ነው የተነሡት። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ሰዎቹን ሌላ ሰዎች ያደርጋቸዋል።

አንድም ደግሞ ስለቱ ነው። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። አንድ ልጅ አፍ ሳይፈታ «አንተ የራስህ አይደለህም» ከተባለ፣ ካደገ በኋላ ደስታ ሲመጣለት እንደ ሰረቀ ሰው ይደነግጣል። የሰረቀ ሰው ደግሞ ባለቤቱ ሲመጣ አይሟገትም፤ ይሮጣል። የፊታውራሪ መሸሻ ቍጣ ያገኘው አስቀድሞ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የተቀመጠን ሰው ነው።

ይህን ስለት በሚመለከት የሰማሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ከሸኘን በኋላ፣ አምስት ሆነን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው አቀበት ወደ እንጦጦ ወጣን። ከጫፉ ላይ ወደ ሰሜን ሲያዩ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። በእግር ጕዞ ዘመን ከጎጃም የሚመጣ ሰው ዓባይን ተሻግሮ፣ ሰላሌን አቋርጦ፣ ያንን ሜዳ ጨርሶ፣ ይህን ተራራ ሲወጣ ነበር ከተማውን ከበታቹ የሚያየው። እኛም በዛብህ እዚህ ቆሞ ምን አሰበ እያልን ስንከራከር፣ ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ሸክማቸውን ቋጥኝ ላይ አስደግፈው ያርፉ ኖሮ ይሰሙን ነበር። «በሬዲዮ የሰማነውን በዛብህን ነው የምታሙት ልጆቼ?» አሉ። አዎን እማማ አልናቸው። አንዱ ጓደኛችንም፣ ልጅን ሳያማክሩ ለስለት መስጠት ጭካኔ እንደ ሆነ በሰፊው አስረዳቸው።

እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «አንተ ልጅ ታሞብህ ያውቃል?» አሉት። አያውቅም። «ሲያተኵስ ሌሊቱን ይዘኸው ስታድር፣ ያለህን ሁሉ ትሰጣለህ። ከዚያ የምትሰጠው ሲያልቅብህ ራሱኑ ትሰጣለህ፤ ይኑር እንጂ የማንም ይሁን ብለህ» አሉና ገመዳቸውን አጥብቀው ቍልቍለቱን ወረዱ።

እኛ ለበዛብህ ሦስት አራት ምክንያት ስናገኝ ለእናቱ ለውድነሽ በጣሙ አንድም እንኳ አልፈለግንላትም ነበር። የእናት ነገር በእኛ ንግግር ውስጥ በዛብህን ያሰረ ገመድ ነበረ እንጂ ሰው አልነበረም። አንድምታን የምንለው ለወደድነው ብቻ ነው። ለወደድነው ሰው ምክንያት እንሰጠዋለን፤ ላልወደድነው ጠባይ ብቻ እንሰጠዋለን። በዛብህ የሸሸው በስለት፣ በድህነት፣ በሐዘን ምክንያት ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ግን ልጁን ለባል የከለከለው እንዲያው ክፉ ስለ ሆነ ነው። ይህ መተርጐም አይባልም፤ ወገን መያዝ ነው። ደራሲው ግን እንዲህ ቀላል አላደረገልንም። ያ ሽማግሌ ከዘር ሐረጉ በቀር የሚመካበት ምን ቀርቶት ነበር? ልጁን የሚመጥን ደም አጣሁ እያለ ሲያቆያት፣ እርሷን መጠበቁ ነው ወይስ እርሱ ራሱ ማን እንደ ሆነ እንዳይጠፋው መፍራቱ ነው? ይህን ስል የገበሬውን ጀርባ ረሳሁት ማለት አይደለም። የመሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ መሸሻን መጥላት ምንም ድፍረት አይጠይቅም፤ ማወቅ ግን ዛሬም ይከብዳል።

በጉዱ ካሣ ደግሞ የምናደርገው የባሰ ነው። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለነው ውስጥ ራሱን ጉዱ ካሣ ብሎ የማያስብ ካለ እጁን ያንሣ! (ሣቅ) የመንደሩ ሰው ያበደ ያለውን፣ ሥርዐቱን በግልጽ የነቀፈውን ሰው ሁላችን ለራሳችን ወስደነዋል። «ጉዱ» የሚለውን ስም ያወጣለት መንደር ግን ማን ነው? በእኛ አነባበብ ያ መንደር ባዶ ነው፤ ማንም አይኖርበትም። ደግሞም ካሣ ዳምጤ የፊታውራሪው ዘመድ መሆኑን እያወቅን እናልፈዋለን። አንድ ጪሰኛ እርሱ የተናገረውን ቢናገር «ጉድ ነው» ተብሎ ብቻ አይተውም ነበር። አንደበቱን ነጻ ያደረገው ዕውቀቱ ብቻ ነው፣ ወይስ እርሱ የነቀፈው ያው የዘር ክብር ጥላ ሆኖለት ነበር? እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ፤ በዚህም ካሣ ያንሳል ብዬ አላምንም፤ እንዲያውም የበለጠ ያሳዝነኛል። መምህሮቻችን ባይስማሙ ይናገሩ፤ ጊዜ ተሰጥቷል።

ስለ ሰብለ ወንጌል የምለው አጭር ነው፤ ምክንያቱም ሴት እኅቶቻችን ባለፈው ስብሰባ ከእኔ የተሻለ ተናግረውበታል። እኛ ወንዶች ስንተርካት መስኮት ላይ ቆማ የምትጠብቅ እናደርጋታለን። በመጽሐፉ ግን በጌታ ቤት ያደገችው ልጅ ልብሷን ለውጣ፣ ቤቷን ጥላ፣ መንገዱን በእግሯ የወጣችው እርሷ ናት። በዛብህም ወደ እርሷ ሲመለስ ሽፍቶች አቁስለውት፣ ሊሞት ሲያጣጥር ደርሳ አገኘችው። ሁለቱም በመንገድ ላይ ነበሩ። ስለዚህ «በዛብህ ለምን ሸሸ» የሚለው ጥያቄያችን ራሱ ጐደሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ለምን ተመለሰ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረምና። ስለቱ አስሮት የነበረ ሰው፣ ስለቱ ሳይፈታለት፣ ምን አግኝቶ ተመለሰ? አንዱ ጓደኛችን አዲስ አበባ ማንም የማያውቀው ከተማ ስለ ሆነች ስለቱንም የሚያውቅበት አልነበረም ብሏል። መልካም አሳብ ነው፤ ነገር ግን ከንባቡ ማሰሪያውን ገና አላሳየንም፤ ዕዳ አለበት።

የቀረችን አንዲት ሰው አለች፤ ወይዘሮ ጥሩ አይነት፣ የሰብለ ወንጌል እናት። የመሸሻን ትዕቢትና የልጇን ዕንባ በአንድ ቤት ውስጥ እያየች የኖረች ሴት ናት። ስለ እርሷ በዚህ ክበብ አንድ ቃል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። በሚመጣው ዓርብ፣ ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ በዚሁ አዳራሽ ስንገናኝ፣ እያንዳንዱ አባል ስለ እርሷ ቢያንስ ሁለት «አንድም» ጽፎ እንዲመጣ የክበቡ ጸሐፊ አሳስቧል። መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት የወሰዱ እስከ ረቡዕ ድረስ ይመልሱ፤ ያሉት ቅጂዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንደኛውም የመጨረሻ ገጾቹ ተቀድደዋል።