የጓሮ ቲማቲምና ዘመዶቹ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአጥር ሥር ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው እምቧይ የድንች፣ የቲማቲም፣ የቃሪያና የደበርጃን የቅርብ ዘመድ ነው። አውጥ፣ አስተናግርና ትምባሆም ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ። ይህን ዝምድና የማያውቅ የጓሮ አትክልተኛ ልፋቱ የእምቧይ ካብ ይሆንበታል።

ዘመዳሞች ምግብ ብቻ ሳይሆን በሽታም ይካፈላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ታላቅ ረኀብ ያስከተለው በሽታ ቲማቲምንም ያጠቃል። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይስማማዋል፤ ብናኙም በነፋስ ይጓዛል። በደጋው ክረምት የጓሮ ቲማቲም በጥቂት ቀናት ጠቁሮ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

አንዲት የቤት እመቤት ድንቿን ቆፍራ ካወጣች በኋላ በዚያው መደብ ላይ ቲማቲም ትተክላለች እንበል። ቅጠሉ ጠቁሮባት ወደ ባለሙያ ብትሄድ በመጀመሪያ የምትሰማው የመድኃኒት ስም ነው። ይሁን እንጂ ባለሙያው አስቀድሞ ሊጠይቃት የሚገባው «አምና በዚህ መደብ ምን ነበረ?» ብሎ ነው። በአፈር ውስጥ የቀረ አንድ የታመመ ድንች የዘንድሮውን ተክል ሊበክል ይችላልና።

ተክሉ ቅጠሉ ሳይጠቁር በድንገት ቢጠወልግ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ይበቃል፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ከወረደ በሽታው የባክቴሪያ ነው። ይህን የሚፈውስ ርጭት የለም። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል እንጂ ከፍግ ጉድጓድ መጣል አይገባም።

ስለዚህ ጓሮው በ4 መደብ ቢከፈል፣ የድንች ወገን ከባቄላ፣ ከሽንኩርትና ከጎመን ጋር እየተፈራረቀ በየ4 ዓመቱ ወደ ቦታው ቢመለስ መልካም ነው። በዙሪያው የበቀለ እምቧይና አውጥ ይነቀል፤ ውሃ በቅጠል ላይ ሳይሆን በሥር ይጠጣ፤ ቲማቲሙም በእንጨት ይደገፍ። ትምባሆ የነካ እጅ ችግኝ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ጓሮዋ ከአንድ መደብ የማይበልጥ እናት 4 መደብ ክፈይ ብትባል ምክሩ አይጠቅማትም። ለእርሷ የሚበጀው ከወገኑ አንዱን ብቻ መርጣ በዓመቱ በጎመን መተካት ነው። ምክር የሚለካው በሰሚው ጓሮ ስፋት ነው።