ሥራ የፈታ ትራንስፎርመርም ይበላል



ዛሬ ለሥልጠና የተሰበሰብንባት ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ገበያና ኬላ ነበረች። ዛሬም እህል የሚሸጥባት ሰው የጆንያውን ክብደት ሳይቀንስ ሒሳብ አይዘጋም። የእኛም ጉዳይ ይኸው ነው። የግል ትራንስፎርመር ያለው ደንበኛ ቆጣሪው በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልቱ በኩል ሳይሆን በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል ሲገጠም፣ ትራንስፎርመሩ ራሱ የሚበላው ኃይል ሳይቆጠር ያልፋል።

ይህ ብክነት ሁለት ዓይነት ነው። በጥቅልሉ ሽቦ ላይ የሚጠፋው የመዳብ ብክነት ጭነትን ይከተላል፤ ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በእምብርቱ ብረት ላይ የሚጠፋው የብረት ብክነት ግን መስመሩ እስካልተቋረጠ ድረስ ሌት ተቀን አለ። ክረምት ላይ በተዘጋ መፈልፈያ ደጃፍ ስታልፉ የምትሰሙት የትራንስፎርመር ጉርምርምታ ከዚሁ ብረት የሚወጣ ነው።

የዚህ አካባቢ ወረዳዎች፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም፣ የሩዝ አገር ናቸው፤ መፈልፈያ ደግሞ ወቅት አለው። ለምሳሌ የብረት ብክነቱ 500 ዋት፣ በሙሉ ጭነት የመዳብ ብክነቱ 3 ኪሎ ዋት የሆነ ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር እንውሰድ። አጨዳ ካለቀ በኋላ በግማሽ ጭነት በወር 200 ሰዓት ቢሠራ፣ ፓወር ፋክተሩ 0.85 ቢሆን፣ ቆጣሪው 17,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ያነባል። ብክነቱ 360 ከብረት፣ 150 ከመዳብ፣ በድምሩ 510 ነው፤ ልክ 3 በመቶ። ይህን መቶኛ በየወሩ ንባብ ላይ እንጨምር ብንል ግን፣ ክረምት ላይ ንባቡ ወደ 1,200 ሲወርድ ያው 3 በመቶ 36 ብቻ ያስከፍላል፤ ብረቱ ግን 360ውን በልቷል። ጉድለቱን እንሸፍን ብለን መቶኛውን 5 ብናደርገው ደግሞ በዚያው ጭነት ወሩን ሙሉ ያለ እረፍት የሚሠራው ሰው ይጎዳል፤ የእሱ እውነተኛ ብክነት 1.5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ መቶኛ መጨመርን አልደግፍም። ታታሪውን ይቀጣል፣ የቀረውን ወጪ ደግሞ ስለ ትራንስፎርመር ሰምቶ በማያውቅ ደንበኛ ላይ ያሳድራል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ትራንስፎርመር በራሱ የብክነት ቁጥር ማስላት ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ገላው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ አይገኝም፤ ከፋብሪካው የፍተሻ ወረቀት ላይ ነው የሚነበበው። የመፈልፈያና የወፍጮ ባለቤቶች፣ ትራንስፎርመር ስትገዙ ያን ወረቀት ሳትቀበሉ ገንዘብ አትክፈሉ፤ የብረት ብክነቱ ዝቅ ያለውን ምረጡ። የቆጣሪ ቴክኒሻኖች፣ የብክነት ማስተካከያውን ዲጂታል ቆጣሪው ላይ ስትሞሉ ለቢል ክፍል በጽሑፍ አሳውቁ፤ አለዚያ ቢሮው ደግሞ ይጨምርበትና ደንበኛው አንዱን ብክነት ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የሲቲውን (የከረንት ትራንስፎርመሩን) ሬሾም አብራችሁ አረጋግጡ፤ እሱ ከተሳሳተ የቀረው ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የፍተሻ ወረቀት ንባብ ነው። ወረቀቶቹ ጠረጴዛችሁ ላይ አሉ። ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ።