የሱዳን መንገድ በ«ሂሮስ» ካርታ ላይ

ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። አይ፣ አትዝጉት! ትንሽ ታገሡኝ፣ ወሬው አያቴ ጋ ነው የሚያደርሰን።

ጨዋታው «ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3» ይባላል። እኛ ግን «ሂሮስ» ብቻ ነው የምንለው። በ1999 የወጣ ሲሆን የሠራው ኒው ወርልድ ኮምፒዩቲንግ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ ስለዚህ በዕድሜ እኔን ይበልጣል። አሽዶድ ውስጥ ያደገ ሰው ለምን እንደማውቀው ይገባዋል። በ90ዎቹ ከሶቭየት አገሮች የመጡ ብዙ ቤተሰቦች እዚህ ከተማ ገብተዋል፣ በሩሲያኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ ይህ ጨዋታ እስከ ዛሬ ይወደዳል። እኔንም ያስተማረኝ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ጓደኛዬ ነው። እሱ ከአያቱ ጋር በሩሲያኛ፣ እኔ ከአያቴ ጋር በአማርኛ፣ እኔና እሱ ደግሞ በዕብራይስጥና በሂሮስ እናወራ ነበር።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጨዋታው ተራ በተራ ነው። አንድ መሪ አለህ፣ ከኋላው ሠራዊት ይከተለዋል። ካርታው መጀመሪያ ጥቁር ነው፣ የሚገለጠው ስትሄድበት ብቻ ነው። በየቀኑ የተወሰነ መንገድ ትሄዳለህ፣ እሱ ሲያልቅ ቀኑን ትዘጋለህ። ሰባት ቀን አንድ ሳምንት ነው። ከጨዋታው ጋር ደግሞ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ተራራውን፣ ወንዙን፣ ጠላቱን፣ የሚነበበውን ጽሑፍ ሁሉ ራስህ ታስቀምጣለህ። ማሸነፍ ምን ማለት እንደሆነም የምትወስነው አንተ ነህ።

ባለፈው ዓመት የፈተና ጊዜ ላይ፣ ማጥናት ሲገባኝ ማለት ነው፣ የሱዳንን መንገድ በዚህ ፕሮግራም ልሠራው ተነሣሁ። አያቴ በ1984 በፈረንጆች አቆጣጠር ከጎንደር ገጠር ተነሥተው፣ እናቴን በጀርባቸው አዝለው፣ በእግራቸው ሱዳን የገቡ ናቸው። ከኡም ራኩባ መጠለያ ደግሞ በሙሴ ዘመቻ ወጡ። ዘመቻው ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ ድረስ የቆየ ሲሆን ወደ 8000 የሚጠጋ ሰው አምጥቷል። በመንገድና በመጠለያው ያለቀው ወገናችን ወደ 4000 እንደሚሆን ይገመታል። ይህንን በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ሃር ሄርጽል ላይ በሚደረገው መታሰቢያ እንሰማዋለን። ቁጥሩን በልጅነቴ በቃሌ ይዤዋለሁ። መንገዱን ግን አላውቀውም ነበር።

ደጋውን ከላይ ሠራሁት፣ ድንጋያማ፣ እግር የሚይዝ። ከታች የመተማ ቆላ፣ ከዚያ የሱዳን አሸዋ። በሂሮስ አሸዋ ላይ አንዱ እርምጃ የአንድ ተኩል ያህል ጉልበት ይበላል። መሪው መንገድ የማወቅ ችሎታ ካለው ግን ድካሙ ይቀንስለታል፣ ስለዚህ መሪዬን እንደዚያ ዓይነት መንገድ አዋቂ አደረግኩት። ከኋላው ዐሥራ አንድ «ፔዛንት» አስከተልኩ፣ ማለትም ገበሬ። ዐሥራ አንድ ያልኩት አያቴ ሲያወሩ «ዐሥራ አንድ ሆነን ወጣን» ስለሚሉ ነው። ለጥበቃ ጥቂት ፈረሰኞችም ጨመርኩ። ለማሸነፍ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ተሸክሞ የመጨረሻው ከተማ መድረስ ነው። መጽሐፉ ኦሪት ነው፣ ከተማው ኢየሩሳሌም። ጨዋታው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፍኩት።

ሲያልቅ ጓደኛዬን ጠርቼ «ሞክረው» አልኩት። መሪውን ትንሽ አየት አየት አደረገ፣ ወዲያው ዐሥራ አንዱን ገበሬዎች ነካና «አሰናብት» የሚለውን ተጫነ። ጠፉ። በነጋታው፣ ማለት በጨዋታው ቀን፣ ፈረሰኞቹን ይዞ ጋለበ። ኦሪቱን አነሣ፣ ኢየሩሳሌም ገባ። «አሸነፍክ» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። «ቀላል ነው» አለኝ።

ተናደድኩ፣ አልዋሻችሁም። እሱ ግን ምንም አላጠፋም። በሂሮስ አንድ ሕግ አለ፣ መሪው በቀን ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወሰነው አብሮት ካለው ሠራዊት መካከል በጣም በዝግታ በሚሄደው ነው። ፊኒክስ የምትባለው የእሳት ወፍ ፍጥነቷ 21 ነው፣ የፔዛንት ፍጥነት 3 ነው። አንድ ፔዛንት ካለህ ሁሉም በፔዛንት እግር ይሄዳል። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቀስ የሚለውን ጥሎ ይሄዳል፣ እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። እኔ ራሴ በሠራሁት ካርታ ላይ ግን ደኅና ሆኖ መድረስ የሚቻለው ሰውን በመጣል ሆነ።

በዚያው ሳምንት አያቴን ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። «አያቴ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ መንገዱ ይህን ይመስል ነበር?» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ሽፍታ ብዬ ያስቀመጥኩትን ሰውዬ አይተው «ይሄማ ለሠርግ ነው የለበሰው» አሉ። «በቀን ነው እንዴ የሚሄዱት? እኛ ቀን ጫካ ተኝተን ሌሊት ነበር የምንሄደው» አሉ። «በሰባተኛው ቀንስ?» ብለው ጠየቁኝ። «ይሄዳሉ» አልኳቸው። ዝም አሉና፣ «ሰንበት የሚያርፍ ነበረ፣ ፈርቶ የሄደም ነበረ። ያን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ከዚያ ኦሪቱ ኢየሩሳሌም ሲገባ አሳየኋቸው።

«አለቀ?»

«አዎ፣ አለቀ።»

«ሰውስ?»

«ሰውማ... ሰው ባይኖርም ያሸንፋል» አልኳቸው። ስናገረው ለራሴም አስቀየመኝ።

«ልጄ፣ እናቴ እግራቸው አብጦ ነበር» አሉ። «በየዛፉ ሥር እንቀመጥ ነበር፣ መሪው ይቆጣል። ከፊት ያሉት ጥለውን ሊሄዱ ሲሉ አባትሽ አያት ‹እሳቸው ሲነሡ እንነሣለን› አለ። እንዲያ ነው የሄድነው፣ በእናቴ እግር።»

ያን ሌሊት ካርታውን ልጠግነው ቁጭ አልኩ። በፕሮግራሙ ውስጥ የኬላ ዘበኛ የሚመስል ነገር አለ። መንገድ ይዘጋና አንድ ነገር ይጠይቃል፣ ካላሟላህ አያሳልፍም። ሱዳን መግቢያ ላይ አቆምኩትና «ዐሥራ አንዱን ሰዎች አሳየኝ» እንዲል አደረግኩ። እንግዲህ ማንንም ጥለህ ማለፍ አትችልም። ደስ አለኝ። ስሞክረው ግን አንድ ችግር አየሁ፣ ዘበኛው ሰዎቹን ከተቀበለ በኋላ አይመልስም፣ ይወስዳቸዋል። መላ አበጀሁለት። ከኬላው አንድ እርምጃ አልፎ፣ ስትረግጠው ሰው የሚሰጥ ምልክት አስቀመጥኩ። ዐሥራ አንድ ይወስዳል፣ ዐሥራ አንድ ይመልሳል። ጨዋታው ተስተካከለ።

ለአያቴ ይህንንም አሳየኋቸው። ኬላው ላይ ሰዎቹ ሲጠፉ «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። «ኡም ራኩባ ነው፣ መጠለያው። አሁን ይመለሳሉ» አልኩ።

«ስንት ይመለሳሉ?»

«ዐሥራ አንድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፣ በስም። አንድ፣ ሁለት እያሉ አይደለም፣ እገሌ፣ እገሊት እያሉ። ስምንት ላይ ቆሙ። «አውሮፕላኑ ላይ የወጣነው እነዚህ ነን» አሉ። እንግዲህ ሦስት ሰዎች ቀሩ፦ እናታቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና የአክስታቸው ልጅ ሕፃን። ቅድመ አያቴን በስም አውቃቸው ነበር። የሁለቱን ስም ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት «ዐሥራ አንድ ሆነን ወጣን» ሲሉ እሰማለሁ፣ «ስንት ሆናችሁ ገባችሁ?» ብዬ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም።

«ልቀይረው?» አልኳቸው።

«ቀይሪው» አሉ።

ዐሥራ አንድ የሚለውን አጥፍቼ ስምንት ጻፍኩ። ጽሑፉ በሚወጣበት ቦታ ላይ የሦስቱን ስም አስገባሁ። አያቴ ላቲን ፊደል ስለማያነቡ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «እንደገና አንብቢው» አሉኝ፣ ደግሜ አነበብኩ።

ጓደኛዬ ካርታውን እንደገና ተጫወተው። በዚህኛው ጊዜ ብዙ ቀን ፈጀበት፣ አሸዋው ላይ «ምን ዓይነት ካርታ ነው ይሄ!» እያለ ይነጫነጭ ነበር። ኬላውን ሲያልፍ ስምንቱን አየና «ሦስት ይጎድላል፣ ስሕተት አለብሽ» አለኝ። ስሕተት አይደለም አልኩት። ስሞቹን አነበበና ማነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ እሱም የአያቱን ታሪክ አወራኝ፣ የእሳቸውን ለሌላ ቀን እንተወው።

እኔ ይህን ያወራሁት ሁላችሁም ካርታ ሥሩ ለማለት አይደለም። ግን ወላጆቻችን ስለ መንገዱ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ጀግናው ነው፣ ስለ መሪው፣ ስለ ጠንካራው። እሱን መጠየቅ ቀላል ነው። እኔ የምላችሁ በዚህ ሰንበት አያት ቤት ስትሄዱ፣ ቡናው ሲፈላ፣ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከእናንተ መካከል በጣም ቀስ ብሎ የሚሄደው ማን ነበር? ማንስ ጠበቀው?» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ስም ከተጠራ ጻፉት፣ በፈለጋችሁት ፊደል።

ለዛሬ ይኸው ነው። አያቴ ሰላም ብለዋችኋል። ሻሎም፣ ደኅና ሁኑ።