የቃል ዊጆ

(በማኅበራችን የግጥምና የጽሑፍ ቀን፣ ሆሳዕና ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህን ቀን ስናዘጋጅ «ገንዘብ የምትቆጥብ ሴት ግጥም ምን ይጠቅማታል?» ብለው የጠየቁን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም ልንሰጥበት ይገባል።

ከዊጆ እንጀምር። እናቶቻችን ባንክ ሳያውቁ ቅቤያቸውን በዊጆ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። አንዷ ብቻዋን የምታመጣው ጥቂት ነው፤ የሁሉም ሲሰበሰብ ግን ለተረኛዋ ይበቃል። ያሆዴ ወይም መሳላ ሲደርስ ቤቷ ቅቤ አያጣም። የእኛም ማኅበር ሥሩ እዚያው ነው። ዛሬ የምናደርገው ደግሞ የቃል ዊጆ ነው። አንዷ አራት ስንኝ፣ ሌላዋ አንድ ገጽ ታሪክ፣ ሌላዋ ከአያቷ የሰማችውን ተረት ታመጣለች፤ ሁላችንም ይዘን እንመለሳለን።

የምናመጣው አላጣንም። እንሰት ስንፍቅ፣ ሙሽራ ስንሸኝ፣ ለቅሶ ስንደርስ ቃል ከአፋችን ተለይቶ አያውቅም። ግን ያ ቃል አልተጻፈም። አንዲት አልቃሽ እናት ባረፈች ቁጥር የምታውቀው ሁሉ አብሯት ይቀበራል።

ለመጻፍ ስንነሣ ደግሞ አንድ እንቅፋት አለ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ኋላም ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሀዲይኛና ከምባትኛ ነበሩበት፤ የተጻፉትም በግእዝ ፊደል ነበር። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ «ሀ ሁ»ን የቆጠሩት ያኔ ነው። ልጆቻችን ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት የተማሩት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ አንዷ የጻፈችውን ሌላዋ ማንበብ ያቅታታል። የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር ለምሁራን እንተወው። እኛ ልናደርገው የምንችለው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ድምፅ ፊደል አይለይም። ልጅ በላቲን የጻፈችውን ስታነብላት እናት ትሰማለች፤ «እዚህ ላይ ተሳስተሻል፤ እኛ እንዲህ ነበር የምንለው» ብላም ታርማታለች።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በሰው ፊት ቆማ ቃሏን ያሰማች ሴት ምን ልታደርግ እንደምትችል ይህ አካባቢ አይቷል። ከከምባታ የወጡት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለው በዋናነት ሰውን አሰባስቦ በማወያየት ነው። ያፍሩበት የነበረ ነገር በአደባባይ ተነገረ። በ2002 እ.ኤ.አ. በከምባታ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን የሚገልጽና ሌሎች ከእርሷ እንዲማሩ የሚጠይቅ ጽሑፍ አንግታ በሕዝብ ፊት ተዳረች። በዚያች ወረቀት ላይ የሠፈሩት ጥቂት ቃላት ነበሩ፤ ያየ ሁሉ ግን ወደ ቤቱ ይዟቸው ገባ።

ግጥም ሁሉ ይህን ያህል ይሠራል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ዛሬ እዚህ ቆማ አራት መስመር ያነበበች ሴት ነገ በቀበሌ ስብሰባ እጇን ለማውጣት፣ የብድር ውል ሳታነብ ላለመፈረም፣ ቤቷ ውስጥ የሚጎዳትን ለመናገር ድፍረት ታገኛለች።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ እያንዳንዷ ወጣት አባል አንዲት እናት ትያዝ፤ እናትየዋ ትናገር፣ ወጣቷ ትጻፍ። ሁለተኛ፣ በጽሑፉ ላይ የተናጋሪዋ ስም ይስፈር፤ ቃሉ የእርሷ ነውና። ሦስተኛ፣ የተጻፈው ሁሉ መጀመሪያ በጉባኤያችን ይነበብ፤ እናቶች ካረሙት በኋላ በመዝገባችን ይግባ።

ደጋፊዎቻችን፣ ለዚህ ሥራ የምንጠይቃችሁ ደብተር፣ እስክሪብቶና አንድ የድምፅ መቅጃ ነው። ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም የግጥም ቀን እንዲሆን የወሰነው መጋቢት 12 ላይ ይውላል። በሚቀጥለው መጋቢት 12 እንድትመጡና የሞላውን ደብተር እንድታዩ ከአሁኑ ጠርተናችኋል።

እናቶቻችን፣ መድረኩ የእናንተ ነው። በሀዲይኛም፣ በከምባትኛም፣ በአማርኛም ተናገሩ፤ እንሰማለን።